ሳንባህ ቀድሟል፤ አጥንትህ ይድረስበት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 19 ነው፤ የምኖረው ደሴ ነው። ከሦስት ወር በኋላ ለውትድርና ለመመዝገብ አስቤ ራሴን እያዘጋጀሁ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ጠዋት በሚኒባስ ሐረጎ ድረስ እሄድና ቁልቁለቱን በአስፋልት እየሮጥሁ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ካለፈው ወር ጀምሮ 15 ኪሎ አሸዋ በከረጢት አስሬ በጀርባዬ ተሸክሜ ነው የምሮጠው። ትንፋሼ አላስቸገረኝም። ነገር ግን የቀኝ ቅልጥሜን ከውስጥ በኩል ያመኛል፤ መጀመሪያ ስሮጥ ብቻ ነበር፣ አሁን ደረጃ ስወጣም ይሰማኛል። አጎቴ የቀድሞ ወታደር ነው። «ሕመም የሚለቀው ሲረግጡት ነው፤ አበበ ቢቂላም በባዶ እግሩ ነው ያሸነፈው፣ አንተም ጫማህን አውልቅ» ይለኛል። ምን ይመክሩኛል? (ሰ.፣ ከደሴ)

መልስ፦ ልጄ፣ በመጀመሪያ ዛሬ ማታ የምታደርገውን ልንገርህ። አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ቀኝ እግርህን በግራ ጉልበትህ ላይ አነባብር። ከቁርጭምጭሚትህ ከፍ ብለህ ጀምርና የቅልጥምህን የውስጥ ጠርዝ ወደ ላይ እየተከተልህ፣ በየጣት ስፋቱ በአውራ ጣትህ ጫን በል። ሕመሙ አንድ መዳፍ ያህል ተዘርግቶ የቱ ጋ እንደሚብስ መለየት ካቃተህ፣ የተቆጣው የአጥንቱ ሽፋንና እዚያ የተያያዘው ጡንቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ዕረፍት ያሽረዋል። የሳንቲም ስፋት ባላት አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ስትጫን የሚያስጮህህ ከሆነ፣ ወይም ሌሊት ተኝተህም የሚጠዘጥዝህ ከሆነ ግን፣ አጥንቱ መሰንጠቅ ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል ሩጫውን አቁመህ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ራጅ ተነስተህ «ምንም የለም» ብትባልም አትዘናጋ። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ጊዜ በራጅ አይታይም።

ይህን አጥብቄ የምነግርህ በእጄ የደረሰ ነገር ስላለ ነው። ምልምል ወታደሮችን አሰለጥን በነበረበት ጊዜ፣ በአራተኛው ሳምንት አንድ ልጅ እያነከሰ ሰልፍ ገባ። ስጠይቀው «ደህና ነኝ፣ አስር አለቃ» አለኝ። ደህና አለመሆኑን ዓይኔ አይቷል፤ እኔ ግን «እንግዲያው ሩጥ» አልሁት። በሁለተኛው ቀን ከመሰናክሉ ግንብ ዘሎ ሲያርፍ የተሰማው ድምፅ፣ ደረቅ ማገዶ በጉልበት ሲሰበር የሚሰማው ነበር። ልጁ ታዛዥ ነበረ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚያነክስ ምልምል አስሮጬ አላውቅም።

አንተን የጎዳህ ትንፋሽህ አለመቸገሩ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ያደገ ልጅ ሳንባው ጠንካራ ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል፣ በወረድህ ቁጥር አየሩም እየደለበ ይቀበልሃል። ስለዚህ «በቃህ» የሚልህ ትንፋሽ የለም። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ልምምድ ይጠነክራሉ፤ አጥንት ግን ወራት ይፈልጋል። አጥንት ጫና ሲበዛበት መጀመሪያ አሮጌውን ያፈርሳል፣ ከዚያ አዲሱን ይገነባል። ግንበኛ የተጎዳውን ግድግዳ አፍርሶ አዲሱን እስኪያቆም ቤቱ ክፍት የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ሁሉ፣ አጥንትም ከመጠንከሩ በፊት የሚደክምበት ጊዜ አለው። አንተ በዚያው ጊዜ ላይ ቁልቁለት፣ አስፋልትና 15 ኪሎ ጨመርህበት። ነገሩ ለወታደር አዲስ አይደለም። ራጅ ከመገኘቱ ከብዙ ዓመት በፊት፣ በ1855 እ.ኤ.አ.፣ ብራይትሃፕት የተባለ የፕሩሲያ ጦር ሐኪም ከረጅም ጉዞ በኋላ የወታደሮች እግር አብጦ እንደሚታመም ጽፎ ነበር።

አጎትህን አከብራለሁ። የመጨረሻዋን ፑሽ አፕ ስትገፋ ክንድህን የሚያቃጥልህን ሕመም ማለታቸው ከሆነ እውነታቸውን ነው፣ እርገጠውና እለፍ። የአጥንት ሕመም ግን ሌላ ነው። አበበንም በሙሉ ታሪኩ እናንሳው። የክቡር ዘበኛው ወታደር በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ገባ። በ1957 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ሮጦ 2:12:11 ገባ። ጫማህን አታውልቅ።

አሁን ወደ ሦስቱ ወራት። ሁለት ሳምንት ጨርሶ አትሩጥ። የጦሳ ተራራ ፊትህ ቆሞልሃል፤ እግርህ እስካላመመህ ድረስ ሸክም ሳትይዝ ፈጠን ባለ እርምጃ ውጣው፣ ስትወርድ ቀስ በል። ዳገት ልብህን ያሠራዋል እንጂ አጥንትህን አይደበድበውም። ፑሽ አፕና ቁጭ ብድግ አትተው። ደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጣቶችህ ቆመህም ተረከዝህን ዝቅ ከፍ አድርግ፣ 15 ጊዜ ሦስት ዙር። ስትጫነው የማያምህ ከሆነ፣ በሦስተኛው ሳምንት በሣር ወይም በአፈር ሜዳ ላይ አንድ ደቂቃ እየሮጥህ ሁለት ደቂቃ እየተራመድህ 20 ደቂቃ ሥራ፤ ይህንንም አንድ ቀን እየዘለልህ። በየሳምንቱ ጥቂት ጨምር፣ በየአራተኛው ሳምንት ግን ቀንስ።

ሸክም ከስድስተኛው ሳምንት በፊት አትንካ። ስትጀምርም 5 ኪሎ ይበቃሃል፣ ያውም በእርምጃ ብቻ። አሸዋው ከረጢቱ ውስጥ እየተንሸራተተ ወገብህን እንዳይጎትትህ በትናንሽ ፌስታሎች ከፋፍለህ እሰረው፤ ከዚያ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልለህ ወደ ትከሻህ ከፍ አድርገህ ጀርባህ ላይ አጣብቀው። ሙሉ ትጥቅ ማሰልጠኛ ስትገባ ይጠብቅሃል፤ አሁን አትሽቀዳደመው። ጠዋት በሶ፣ ከልምምድ በኋላ ሽሮህንና እንቁላል ካገኘህ እንቁላል ብላ፤ በጊዜም ተኛ።

ጥያቄ፦ እኔም ለምልመላ እየተዘጋጀሁ ነው። የምሠራው ፋብሪካ ውስጥ ነው። ረመዳን ሲገባ ልምምዴን ላቋርጥ? ፑሽ አፕስ ከሦስት በላይ አልችልም፤ እንዴት ላሻሽል? (መ.፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አታቋርጪ፣ ልጄ፤ ቀንሺ። ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ስለምትሞቅ ቀን ላይ እየጾምሽ አትሩጪ። ከኢፍጣር አንድ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ምግቡ ሲረጋልሽ 30 ደቂቃ ሥሪ። ውኃውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከኢፍጣር እስከ ሱሁር እያከፋፈልሽ ጠጪ። ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንትሽ እንደ ጠቆረ ሻይ ሆኖ ካየሽ ግን ነገ አትበይ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂጂ።

ለፑሽ አፑ መጀመሪያ እጆችሽን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አድርጊ። ከራስሽ እስከ ተረከዝሽ ቀጥ ብለሽ፣ ደረትሽ ጠረጴዛውን እስኪነካ ውረጂ። 15 ጊዜ ሳታጓድዪ ስትጨርሺ ወደ ወንበር፣ ቀጥሎ ወደ ደረጃ፣ ከዚያ ወደ መሬት ዝቅ በይ። ወገብሽ ከረገበ ያቺን አትቁጠሪያት፤ ፈታኙም አይቆጥራትም።