ጥንቃቄ ይጣሳል ወይስ ይጓደላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ሰፈራችን ካለ አንድ ሱቅ ደጃፍ ለውኃ ቧንቧ የተቆፈረ ጉድጓድ ሳይከደን አደረ። ጎረቤቴ ማታ ሲያልፉ ገቡበትና እግራቸው ተሰበረ። የካሳ መጠየቂያ ደብዳቤ የምጽፍላቸው እኔ ነኝ። «የሱቁ ባለቤት በግዴለሽነት የጥንቃቄ ግዴታቸውን ስለጣሱ» ብዬ ጀመርኩ። ልጄ «ግዴለሽነት ሳይሆን ቸልተኝነት በይ» አለችኝ። የቱ ነው ልክ? «ጥፋት» ብልስ ስድብ ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ለጎረቤትሽ ምሕረቱን ይላክላቸው።

ልጅሽ ልክ ናት። «ግዴለሽ» የምንለው ነገሩ ግድ የማይሰጠውን ሰው ነው። ቃሉ የሰውዬውን ስሜት ይናገራል። ባለቤቱ «ኧረ እኔ ሳስብበት ነው የዋልኩት» ቢሉሽ በምን ታስረጃለሽ? «ቸል አለ» ግን ማድረግ የሚገባውን ሳያደርግ አለፈ ማለት ነው። ሆዱ ደግ ይሁን ክፉ፣ እዚያ ውስጥ አንገባም። ሕጉም የሚጠቀመው በዚሁ ቃል ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 59፣ አደጋ ሊመጣ እንደሚችል እያወቀ «አይደርስም» ብሎ የተወውንም፣ ማሰብ ሲገባው ጭራሽ ያላሰበውንም በቸልተኝነት ሥር ያስቀምጣቸዋል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ «ጣሱ» ያልሽው ነው። ሕግ ይጣሳል፣ ትእዛዝ ይጣሳል፣ አጥርም ይጣሳል። ተከልክሎ ሳለ አልፎ ለሄደ ሰው የሚሆን ቃል ነው። «የጥንቃቄ ግዴታን መጣስ» በሕግ ሰዎች ጽሑፍ ውስጥ ስላለ ስሕተት ነው አልልም። ለአንቺ ደብዳቤ ግን «ጥንቃቄ አጓደሉ» ይሻላል። የትራፊክ ፖሊስም «ጥንቃቄ በጎደለው አነዳድ» ነው የሚለው። «ጎደለ» የሚለው ቃል ትልቁ ጥቅሙ «ምን ጎደለ?» ብሎ ማስጠየቁ ነው። መልሱን ዘርዝሪው። ጉድጓዱ ላይ ሳንቃ ወይም ቆርቆሮ አልተደረገም። ዙሪያውን ገመድ አልታሰረም። መብራት ካልነበረ እሱንም ጻፊ። ድሬ ደግሞ ሰው ውጭ ውጭ የሚለው ሙቀቱ ሲበርድ፣ አመሻሽ ላይ ነው። የሱቁ ባለቤት ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ይህችን ነገር አደራ እንዳትተያት። አላፊ አግዳሚ እንደሚኖር ማወቃቸው ለክሱ ትልቅ ጉልበት ነው።

ልኩስ በምን ይለካል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2030 የሚያየው አስተዋይ ሰው በዚያ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ እንደነበር ነው። ስለዚህ «የሚችሉትን ያህል አልተጠነቀቁም» ብለሽ አትጻፊ። እንዲያ ካልሽ መለኪያው የእሳቸው አቅም ይሆናል፤ እሳቸውም «የቻልኩትን አድርጌአለሁ» ብለው ይገላገሉሻል። «ማንኛውም አስተዋይ ሰው የሚያደርገውን ጥንቃቄ አጓድለው» በይ። ጉድጓዱን የቆፈረው ባለሙያ ከሆነ ደግሞ፣ እሱ በአንቀጽ 2031 በሙያው ደንብ ይለካል።

«ጥፋት» ስድብ አይደለም። አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይክሳል የሚለው በዚሁ ቃል ነው። ጥፋት ደግሞ ሆን ተብሎም በቸልተኝነትም ይፈጸማል፤ በማድረግም ባለማድረግም። ብቻ ድርጊቱን ጥፋት በይው እንጂ ሰውየውን «አጥፊ» አትበያቸው። እሱ ይከብዳል፣ ነገ ደግሞ ሰላም የምትባባሉ የአንድ ሰፈር ሰዎች ናችሁ።

በነገራችን ላይ፣ ጎረቤትሽን የጎዳቸው ባጃጅ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ የቃላት ጭንቅ ባልኖረ ነበር። በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ጉድጓድ ግን እንደ ባጃጅ አይደለምና ጥፋቱን ማሳየት የእናንተ ፋንታ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «የሱቁ ባለቤት ሰው በሚተላለፍበት ደጃፍ የተቆፈረውን ጉድጓድ ሳይከድኑና ምልክት ሳያደርጉ በማሳደራቸው፣ ማንኛውም አስተዋይ ሰው የሚያደርገውን ጥንቃቄ አጓድለዋል። በዚህ የቸልተኝነት ጥፋት እግሬ ስለተሰበረ ካሳ እንዲከፍሉኝ እጠይቃለሁ።» የሐኪም ማስረጃውን አያይዢ። በደብዳቤ ካልተግባባችሁም ክሱን አታዘግዩት፤ አንቀጽ 2143 የሚሰጠው ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ብቻ ነው።