ስለ ማስረጃ፣ ስለ ገንዘብና ስለ መዝገብ፦ ለጎጃም ወጣት የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎች

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

ከትምህርት ወጥታችሁ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በሞጣ ወይም በባሕር ዳር ሥራ ከጀመራችሁት መካከል የራሳችሁን አገልግሎት ለመክፈት የምታስቡት በየጊዜው ምክር ትጠይቁኛላችሁ። ጥያቄያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ መሣሪያ ዋጋና ስለ ፈቃድ ነው። እነዚህ አስፈላጊ ጉዳዮች ቢሆኑም ሥራውን የሚያቆሙትም ሆነ የሚያፈርሱት እነርሱ አይደሉም። በተሃድሶ ሕክምናና በጤና ተቋም አስተዳደር ላይ ዕድሜዬን ስላሳለፍሁ አንድ ነገር በድፍረት እነግራችኋለሁ፦ የሕክምናችሁ ውጤትና የገንዘባችሁ ሒሳብ በአንድ መዝገብ ላይ አብረው ካልተነበቡ፣ አንዱም እውነቱን አይነግራችሁም።

ኦኩፔሽናል ቴራፒ፣ ማለትም በሕመም ወይም በጉዳት የደከመ ሰው የዕለት ሥራውን መልሶ እንዲሠራ የሚረዳው ሙያ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ መሰጠት ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመታት ስለሆነ፣ ሕዝቡ ስለ እናንተ ሥራ የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ከማሳጅ ጋር የሚያምታታውም ብዙ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ማስረጃችሁ ሕመምተኛው ራሱ ሊሠራው የሚፈልገው ሥራ መሆን ይኖርበታል። ስትሮክ ግራ ጎኑን ያደከመውን አንድ ገበሬ አስቡ። ኳስ እያስጨበጣችሁ የመዳፉን ጉልበት ብትለኩ ቁጥሩ ሊያድግ ይችላል። እርሱ ግን የሚፈልገው በሬዎቹን ጠምዶ ማረስ ነው። ገበሬ ዕርፉን በአንድ እጁ፣ ጅራፉን በሌላው ስለሚይዝ፣ ለዚህ ሰው የሚከብደው መጨበጡ ብቻ አይደለም፤ በጓል ላይ መራመዱ፣ ትልሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሞፈሩን ብድግ አድርጎ መዞሩ፣ ጧት ቀንበሩን በበሬዎቹ ጫንቃ ላይ መጫኑ ነው። ከእነዚህ የትኛውን ራሱ ይሥራ፣ የትኛውን ልጁ ይያዝለት የሚለው በክፍላችሁ ውስጥ ተቀምጣችሁ የምትወስኑት ጉዳይ አይደለም።

የካናዳ ባለሙያዎች ያዘጋጁትና በትምህርት ቤት የተማራችሁት የሥራ ክንውን መለኪያ ለዚህ ይጠቅማል። ሕመምተኛው አስቸጋሪ ሆነው ያገኛቸውን ሥራዎች ራሱ ይጠራል፤ አሁን እንዴት እንደሚሠራቸውና ምን ያህል እንደሚረካባቸው ከ1 እስከ 10 ይሰጣል፤ ከሕክምናው በኋላ ያው ጥያቄ ይደገማል፤ የሁለት ነጥብና ከዚያ በላይ ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተጨባጭ ለውጥ ይቆጠራል። ነጥብ መስጠት ላልለመደ ሰው አሥር የባቄላ ፍሬ ፊቱ ደርድራችሁ “ምን ያህሉን ትሰጠዋለህ?” ብትሉት ያለ ችግር ይመልሳል። በመጀመሪያው ቀን በባቄላ የጠየቃችሁትን በመጨረሻው ቀን በቃል ብቻ ከጠየቃችሁት ግን ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም፤ አጠያየቃችሁን አትለዋውጡ።

በማስረጃ የተደገፈ ሕክምና ማለት የጥናት ወረቀት ማንበብ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ሐኪሙ ዴቪድ ሳኬትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ጉዳዩን ሲያብራሩ፣ የተሻለውን የጥናት ማስረጃ ከባለሙያው የሥራ ልምድና ከሕመምተኛው ፍላጎት ጋር ማገናኘት እንደሆነ ነበር የጻፉት። ለምሳሌ ጤነኛውን እጅ በጓንት አስሮ የደከመውን ማሠራት የሚባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ በታተመ የአሜሪካ ጥናት በ222 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱን ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ተሳታፊዎቹ ስትሮኩ ከደረሰባቸው ከሦስት እስከ ዘጠኝ ወር የሆናቸው፣ የደከመውን እጅ አንጓና ጣቶች ጥቂትም ቢሆን ወደ ላይ ማንሣት የሚችሉ ነበሩ፤ ለሁለት ሳምንት በየሥራ ቀኑ እስከ ስድስት ሰዓት ሠልጥነዋል፤ ከእንቅልፍ ውጪ ያለውን ጊዜ በአብዛኛው ጓንቱን አድርገው ነው ያሳለፉት። እጁ ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ሰው ከእናንተ ዘንድ ቢመጣ ይህ ጥናት ስለ እርሱ አይናገርም። የሚንቀሳቀስለት ቢሆንም ከደጀን ወይም ከቢቸና ገጠር መጥቶ ሁለት ሳምንት በከተማ አልጋ ይዞ፣ አስታማሚውን እየቀለበ የሚቆየው በማን ገንዘብ እንደሆነ አብራችሁ መጠየቅ አለባችሁ። የሕክምናው ጥያቄና የአስተዳደሩ ጥያቄ አንድ የሚሆኑት እዚህ ላይ ነው።

ማስረጃ ሁልጊዜ ከባሕር ማዶ የሚመጣ እንዳይመስላችሁ አንድ የእኛኑ አገር ጥናት ልጥቀስ። ባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ከመሄድ የሚመጣው የዝሆኔ ሕመም ጎጃምን አብዝቶ የጎዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ በታተመ በምሥራቅ ጎጃም በተካሄደ ጥናት 696 ሕመምተኞች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ወገን እግርን በመታጠብ፣ በቅባት፣ በፋሻ፣ በካልሲና በጫማ ወዲያው ታከመ፤ ሌላው ያንኑ ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲያገኝ ተደረገ። በድንገት የሚነሣውና በትኩሳት አልጋ ላይ የሚጥለው የእግር መቆጣት በታከሙት ላይ በአንድ ሰው በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ፣ በሚጠብቁት ላይ ደግሞ 23.9 ጊዜ ደረሰ። ልዩነቱ ወደ አንድ አምስተኛ ስለሚጠጋ “ትድናለህ” ብሎ ለመናገር አያስደፍርም። ሆኖም በአጨዳ ወቅት ከአልጋ የዳኑ ጥቂት ቀናት ለአንድ ቤት ምን ማለት እንደሆኑ የጎጃም ልጅ ሁሉ ያውቃል። ለሥራ ፈጠራም በር አለው፤ ያበጠ እግር በመደብር ጫማ አይገባምና፣ ከአንድ ጫማ ሠሪ ጋር ተስማምቶ በልክ ማሠራት ውድ ማሽን ከማስመጣት ይልቅ ለሕመምተኛውም ለእናንተም ይበጃል።

አሁን ወደ አስተዳደሩ ልምጣ። በማስረጃ ላይ የቆመ አስተዳደር ከአራት አቅጣጫ ይሰማል፦ ከጥናት፣ ከተቋሙ የራሱ መረጃ፣ ከባለሙያው ልምድና ጉዳዩ ከሚመለከታቸው ሰዎች። አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን እናከብራለን፣ በሦስተኛው እንመካለን፣ ሁለተኛውን ግን ለሩብ ዓመት ሪፖርት ብቻ እናስታውሰዋለን። (የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲደርስ መዝገብ የሚፈለገው፣ ሲላክ ደግሞ የሚረሳው ለምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ እጽፍላችሁ ይሆናል።)

ከተቋሙ መረጃ ሁሉ በጣም ጠቃሚው ከቀጠሮ የቀሩት ሰዎች መረጃ ነው። የተሻለው ሰው ተመልሶ ያመሰግናችኋል፤ ያልተሻለው ድምፁን አጥፍቶ ይቀራል። የምትሰሙት የመጡትን ብቻ ከሆነ ሥራችሁ ከእውነቱ ይልቅ ያማረ ይመስላችኋል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ “መጣ” ወይም “ቀረ” ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ደውላችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። በእኛ አካባቢ የሚመለሱት መልሶች በጥቂት መደቦች ይገባሉ፦ የትራንስፖርት ገንዘብ አጣሁ፣ መንገድ ተዘጋ፣ አጨዳ ደረሰ፣ ጸበል ገባሁ፣ ወጌሻ ዘንድ ሄድሁ፣ አልጠቀመኝም። እነዚህን በአንድ ቃል “ግንዛቤ ማነስ” ብሎ የሚጽፍ ሰው ከመረጃው ምንም አይማርም፤ በጆሮዬ የሰለቸኝ ቃል ቢኖር ይህ ነው። ትራንስፖርት ከሆነ ቀጠሮውን ሰዎች ወደ ከተማ በሚወጡበት በገበያ ቀን ማድረግ ይቻላል። ጸበል ከሆነ ሱባዔው እስኪያልቅ የሚሠራውን ልምምድ ለአስታማሚው አስተምሮ መላክ ነው። ወጌሻው ጋ የሚሄዱት ከበዙ ሂዱና አነጋግሩት፤ አጥብቆ ያሠረው እጅ ሲያብጥና ሲቀዘቅዝ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረው ሰው አግኝቶ አያውቅ ይሆናል። “አልጠቀመኝም” ያለው ከበዛ ግን ችግሩ ከመንገዱ ሳይሆን ከእናንተ ክፍል ነው።

ገንዘቡን በሚመለከት ቀላል ሒሳብ ሳትሠሩ ኪራይ አትፈርሙ። የወር ቋሚ ወጪያችሁ፣ ኪራዩም ደመወዙም ተደምሮ 30,000 ብር ቢሆንና ከአንድ ጉብኝት ለዚያ ቀን ብቻ የሚወጣው ወጪ ተቀንሶ 200 ብር ቢተርፋችሁ፣ ሳትከስሩ ለመዋል በወር 150 ጉብኝት ያስፈልጋችኋል፤ በ25 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን ስድስት ነው። በክረምትና በአዝመራ ወቅት ስድስት ሰው ይመጣ እንደሆነ ከመዝገባችሁ ተመልከቱ። ገበሬ ገንዘብ የሚያገኘው እህሉ ሲገባ ነውና በዱቤ ለማከም የምታስቡ ከሆነ፣ ዱቤው እስኪመለስ የምትቆዩበት ገንዘብ አስቀድሞ መኖር አለበት፤ ዕቁብ የገባችሁም ብትሆኑ ዕጣችሁ መቼ እንደሚወጣ አታውቁምና በእርሱ ላይ ኪራይ አትመሥርቱ።

ከዚህ ሒሳብ የሚወለድ አንድ ፈተና አለ፤ ከሁሉ አብልጬ የምፈራላችሁም እርሱን ነው። ገቢያችሁ በጉብኝት ብዛት ከተተመነ፣ ሰውየው ቤቱ ሆኖ በቤተሰቡ እየታገዘ ሊሠራው የሚችለውን ልምምድ እናንተ ዘንድ እየተመላለሰ እንዲሠራው የሚገፋፋችሁ ነገር ይኖራል። ማንም ሳይዋሽ፣ “አንድ ሳምንት እንጨምር” እየተባለ የሚሄድ ነገር ነው። ልባችሁን ከመመርመር ይልቅ ዋጋ የምታወጡበትን መንገድ ብትለውጡ ይሻላል ባይ ነኝ። ለመጀመሪያው ሙሉ ምርመራ፣ ለቤት ጉብኝት፣ ለአስታማሚ ሥልጠናና ለምትሠሩት መሣሪያ ተገቢውን ዋጋ ጠይቁ፤ ክትትሉን በስልክና በጥቂት ቀጠሮ አድርጉት። እናት ቤቷ ተመልሳ እንጀራ መጋገር የምትፈልግ ከሆነ፣ የምጣዱን ከፍታ፣ የሊጡን ዕቃ አቀማመጥና ጭሱ የሚወጣበትን በዓይናችሁ አይታችሁ፣ ተቀምጣ የምትጋግርበትን በርጩማ ከመንደሯ አናጢ ጋር ማስተካከል ከአሥር ጉብኝት ይበልጣል፤ ሊከፈልበትም ይገባል።

አዲስ አገልግሎት ስትጀምሩ በትንሹ ሞክሩት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀመር በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ብቻ ነበር የተሞከረው፤ ከእነርሱም አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነው። መንግሥት በሙከራ የጀመረውን እናንተ በአንድ ጊዜ በሙሉ ጥሪታችሁ የምትገቡበት ምክንያት የለም። ሙከራውን ከመጀመራችሁ በፊት ግን ምን ውጤት ብታዩ እንደምትቀጥሉ፣ ምን ብታዩ እንደምትተዉት በወረቀት ጻፉት፤ በኋላ ከተጻፈ ሰው ያገኘውን ቁጥር ሁሉ ድል ነው ብሎ ይተረጉመዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የእያንዳንዳችሁ መዝገብ ትንሽ ነው፤ በዓመት ሃያ የስትሮክ ሕመምተኛ ያየ ሰው ከሃያው ብዙ ሊደመድም አይችልም። በየከተማው ያላችሁት አንድ ዓይነት ቅጽ ብትጠቀሙ ግን ቁጥሩ ይደመራል፣ ጥያቄውም መልስ ማግኘት ይጀምራል። ለዚህ የሕመምተኛውን ፈቃድ አስቀድማችሁ ውሰዱ፤ ስሙንና ቀበሌውን ከቅጹ አውጥታችሁ በቁጥር ተኩት፤ ቁጥሩን ከስሙ ጋር የሚያገናኘውን ደብተር ባከመው ባለሙያ ቁልፍ ሥር ብቻ አኑሩ። ቅጹ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ከዚያ ከረዘመ ሰው በበዛበት ቀን ማንም አይሞላውም።