«ልጄን ያቃጠልኩ መሰላቸው?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ሂርማታ ነው። ቡና አፍልቼ ስኒ ላመጣ ዞር ስል፣ የ1 ዓመት ከ4 ወር ልጄ ጀበናውን ስባ በላይዋ ላይ ደፋችው። አንገቷና ደረቷ ተቃጠለ። አዝዬ ሮጥኩ። ሆስፒታል ግን አንዱ ሐኪም ጠይቆኝ ሲወጣ ሌላው መጥቶ ያንኑ ይጠይቀኛል። ልብሷን አስወልቀው ጀርባዋንና እግሯን ሳይቀር አገላብጠው አዩ። በጣም ከፋኝ። ልጇን ያቃጠለች እናት መሰልኳቸው? በምንስ ነው የሚለዩት?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ልጅዎን አተረፈልዎ። ቢከፋዎት አይፈረድብዎትም። ግን በፈላ ነገር ተቃጥሎ የመጣን ሕፃን ሁሉ እንደዚያ ነው ማየት ያለብን። አብዛኛው ቃጠሎ ድንገተኛ ነው። አንዳንዱ ግን አይደለም፤ ያንን ካሳለፍነው ልጁ ወደዚያው ቤት ይመለሳል፣ በሌላ ጊዜም የባሰ ጉዳት ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ከላይ የተደፋ ነገር ወደ ታች ነው የሚፈሰው። ስለዚህ አገጭ፣ አንገት፣ ደረትና ትከሻ ላይ ቃጠሎው ሰፋና ጠለቅ ይላል፤ ወደ ሆድ ሲወርድ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ እየጠበበ ይሳሳል። ዳሩ የተዘበራረቀ ነው፣ እዚህም እዚያም የፍንጣሪ ምልክት አለው። ሹራብ ለብሳ ከነበረ ሹራቡ ሙቀቱን ስለሚይዝ ከሥሩ ያለው ቆዳ የባሰ ሊጎዳ ይችላል። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ቆማ ጀበና መሳብ ትችላለች። የነገሩን ታሪክና ቁስሉ ይገጥማሉ ማለት ነው። ገና መገልበጥ ያልጀመረ የ3 ወር ሕፃን «ራሱ ስቦ ደፋው» ቢባል ግን አይገጥምም።

ልጅ በግድ ፈላ ውሃ ውስጥ ሲነከር ምልክቱ ሌላ ነው። ሁለቱም እግሮች እኩል ይቃጠላሉ፣ ልክ ካልሲ ያደረገ ይመስላል። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል መስመር ይታያል፤ ከመስመሩ በላይ ቆዳው ደህና ነው፣ ፍንጣሪም የለም። ልጅ ራሱ ሳፋ ውስጥ ቢገባ እኮ እየጮኸ ይፈራገጣል፣ ውሃው ይረጫል፣ እግሮቹም እኩል አይቃጠሉም። መቀመጫው ሲነከር ደግሞ፣ የሳፋው ወለል ላይ የተጫነውን መሃሉን ውሃው ስለማያገኘው ዙሪያው ብቻ ይቃጠላል። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ሽንት ያመለጠውን ልጅ «ለመቅጣት» የሚደረግ ነው። ስጽፈው እንኳ ያመኛል።

ጀርባዋን ያዩት የቆየ ሰንበር ወይም ሌላ ጠባሳ እንዳለ ለማረጋገጥ ነው። ደጋግመው የጠየቁት ታሪኩ ይለዋወጥ እንደሆነ ለመስማት ነው። መቼ እንደመጡም ይታያል፤ ያለምክንያት ቀናት መቆየት ያጠራጥራል። እዚህ ላይ ግን እኛም መጠንቀቅ አለብን። ከገጠር የሚመጣን ቤተሰብ መንገድና ገንዘብ ሊያዘገየው ይችላል። ቃጠሎ የሚመስል የቆዳ ኢንፌክሽንም አለ። በአንድ ምልክት ብቻ ማንም ሰው ጥፋተኛ አይባልም።

በአካባቢዎ የሚያጠራጥር ነገር ካዩ ግን «የሰው ቤት ጉዳይ ነው» ብለው አይለፉት። ልጁ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ይድረስ፣ ለፖሊስም ይነገር። ሕፃንን ማሠቃየት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ያስቀጣል።

ስለ ጀበናው ልንገርዎ። ጅማ ከፍታዋ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሕፃን ቆዳ ግን በ60 ዲግሪ እንኳ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ በጥልቀት ይቃጠላል። ቡና ሲፈላ ልጅቷን የሚይዝ ሰው ይኑር። አያድርገውና ዳግም ከደረሰ፣ ልብሷን ቶሎ አውልቀው ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ያፍስሱበት፤ ከቆዳዋ ጋር የተጣበቀ ልብስ ካለ አይላጡት። ጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ የቡና ዱቄት አይቀቡ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ይዘዋት ይሂዱ።

አሁን ደግሞ ቀጠሮዋን እንዳያሳልፉ። የአንገት ቃጠሎ ሲድን ቆዳው ተኮማትሮ አንገቷን ሊስበው ስለሚችል፣ «ተሻላት» ብለው አይቅሩ።