ከሩጫው በኋላ አንሺያት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የእህትሽ ልጅ ዘንድሮ ሲኒየር (የ12ኛ ክፍል ተማሪ) ናት፣ አገር አቋራጭ ትሮጣለች፣ የሲኒየር ፎቶዋን አንቺ እንድታነሺላት ትፈልጋለች። ያለሽ አንድ ካኖን ካሜራና ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። እናቷ የሀበሻ ቀሚስ ትላለች፣ እሷ ማሊያዬን ትላለች። እዚሁ ሜሪላንድ ሯጭ ልጆችን አንስቻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ትሩጥ። ሳትሮጥ ካነሳሻት እጇን የት እንደምታደርገው ይጨንቃታል፣ ፈገግታዋም የመታወቂያ ፎቶ ፈገግታ ይሆናል። ሠላሳ አርባ ሜትር ስምንት አሥር ጊዜ ከተመላለሰች በኋላ ግን ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ካሜራውን ትረሳዋለች። ያኔ ጠጋ ብለሽ ፊቷን አንሺ።

እኔ ይሄን የተማርኩት አንድ ልጅ ላይ አጥፍቼ ነው። ኦገስት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቀዩ መም ላይ እጁን አጣምሮ አቆምኩት። ዓይኑ ሥር ጥቁር ጥላ፣ አገጩ ሥር የመሙ ቅላት። እናቱ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩና «ልጄ እንዲህ ኮስታራ አይደለም» አሉኝ። ልክ ነበሩ። አሳትመው ሳሎን የሰቀሉት መጨረሻ ላይ ሳያስበው ያነሳሁትን ነው። ጎንበስ ብሎ የስፓይኩን (የሩጫ ጫማውን) ክር ይፈታል፣ ቅንድቡ ላይ ላብ ተንጠልጥሏል፣ ከጎኑ ላለው ጓደኛው ይስቃል።

ስለዚህ ቀሚሱን አስቀድሚ። ላብ ሳይነካው፣ ነጠላዋን አድርጋ፣ ከእናቷ ጋርም ሁለት ሦስት አንሺ። ከዛ ማሊያ ትቀይርና ትሩጥ። ሁለቱም ደስ ይላቸዋል፣ ጭቅጭቅም የለም።

ቦታ ካልሽ የምትለማመድበት መንገድ ይሻላል። ስላይጎ ክሪክ አካባቢ ከሆናችሁ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ቅጠሉ በጣም ያምራል። የትምህርት ቤቱን ሜዳ ከፈለጋችሁ አሰልጣኟን አስቀድማ ትጠይቅ። ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ጀምሪ፣ ግን ኖቬምበር ላይ ሰዓቱ ከተቀየረ በኋላ በአሜሪካ አቆጣጠር 5 ሰዓት አካባቢ ጭልም ስለሚል ከትምህርት ቤት ወጥታ አትደርስም። ከዚያ በፊት ጨርሱት ወይም ቅዳሜ አድርጉት።

ስትሮጥ ሸተሩን (የማንሻውን ፍጥነት) ከ1/1000 ሰከንድ አታዘግዪው። ብርሃኑ ሲቀንስ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 1600፣ 3200 አድርጊው፣ አትፍሪ። ትንሽ ቅንጣት የሚታይበት ፎቶ ከደበዘዘ ፎቶ ይሻላል። ፎከሱን ተከታታይ (የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ የሚያጠራው) ላይ አድርጊና መሬት ቁጭ ብለሽ ወደ አንቺ ስትመጣ ደጋግመሽ አንሺ። ሁለቱም እግሯ ከመሬት የተነሳበትን ምረጪ፣ እግሯ መሬት የመታበት ቅጽበት ሰውነትን ያከብደዋል። ሌንስሽ በቂ ነው። ካሜራሽ ክሮፕ ሴንሰር (አነስ ያለ ሴንሰር) ካለው 50ው እንደ 80 ሚሊሜትር ስለሚሆን ለፊት እንዲያውም ተስማሚ ነው።

አንድ አጥብቄ የምልሽ ነገር አለ። ሰማዩ ከኋላዋ ሲሆን ካሜራው ይሳሳትና ፊቷን ያጨልመዋል፣ ስለዚህ ብርሃኑን ፊቷ ላይ ለኪ። ሣር ላይ ከቆመች አረንጓዴው አገጯ ላይ ያርፋል፣ ነጭ ካርቶን ከሥር ያዢላት። ኤዲት ስታደርጊ ግን ቆዳዋን እንዳታነጪ! የጠይም ልጅ ፊት ላይ የምሽት ፀሐይ ሲያርፍ ወርቅ ነው የሚመስለው፣ ያንን አጥፍቶ ማስረከብ ልጅቷን መበደል ነው።

ለይርቡክ (ለትምህርት ቤቱ የዓመት መጽሐፍ) የሚገባውን ፎቶ ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች በራሳቸው ስቱዲዮ ነው የሚያስነሱት፣ ቀነ ገደብም አለው። ቢሮ ትጠይቅ።

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። 85 ሚሊሜትር ሌንስ አለኝ፣ ካኖን ላይ ይገባል። ከፈለግሽው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መጥተሽ ውሰጂው።