ከዘጠነኛ ክፍል ወደ ስድስት ኪሎ፦ ለወጣት የእንግሊዝኛ መምህራን

በአቃቂ፣ በቱሉ ዲምቱና በገላን ዙሪያ እንግሊዝኛ የምታስተምሩ ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ «ቲቸር፣ ማስተርስ ልጀምር ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጀምሩ። አቅሙና ጊዜው ካላችሁ አታመንቱ። ግን ወዲያው አስከትላችሁ «ቴፍል (እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ የማስተማር ትምህርት) ይሻላል ሊትሬቸር (ሥነ ጽሑፍ)? የክረምቱ ይቀላል የማታው? ለደረጃ ዕድገት የቱ ቶሎ ይያዝልኛል?» ስትሉኝ እሰጋለሁ። የደረጃ ዕድገት ነውር አይደለም፤ የመምህር ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ሆኖም ከዚህ ሁሉ በፊት ልትመልሱት የሚገባ ጥያቄ አለ፦ በክፍሌ ውስጥ በየቀኑ እያየሁት ምክንያቱን የማላውቀው ነገር ምንድን ነው? ይህን ይዞ የገባ መምህር ሁለቱን ዓመት ይጠቀምባቸዋል። ይህን ሳይዝ የገባ ደግሞ ርዕስ ፍለጋ ሲንከራተት ሁለተኛው ዓመት ያልቅበታል።

እናንተ ደግሞ ጥያቄ በሞላበት ቦታ ነው የምታስተምሩት። የከተማው ዳርቻ ትምህርት ቤት እንደ መሀል ከተማው አይደለም። በአንድ ዴስክ ላይ ሦስት ልጆች ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። አንዷ በአማርኛ ተምራ የመጣች ናት። ሁለተኛው ከገላን ወይም ከዱከም በኩል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ የመጣ ነው። ሦስተኛው ቤተሰቡ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ አምና ከወላይታ የገባ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ሂሳቡም፣ ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። የናንተ ትምህርት ለእነሱ ከሌሎቹ ትምህርቶች አንዱ ብቻ አይደለም፤ የሌሎቹ ሁሉ በር ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ብዙ ያሰብኩበት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በይፋ የሚጻፈው በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ በቁቤ የተማረው ልጅ የእንግሊዝኛን ፊደል ገና በአንደኛ ክፍል ያውቀዋል። ብዙ መምህራን ይህን አይተው «እሱስ ይቀለዋል» ይላሉ። ነገር ግን በቁቤ ሲ የምትባለው ፊደል የምትወክለው የጨን ድምፅ ነው፤ ኤክስ የጠን፣ ኪው ደግሞ የቀን። ተነባቢ ሲደገም ድምፁ ይጠብቃል፤ አናባቢ ሲደገም ይረዝማል። የተጻፈውም እንደተጻፈ ይነበባል። ልጁ ይህን ሥርዓት ለስምንት ዓመት በሚገባ ተምሮ መጥቷል። እንግሊዝኛ ግን በእነዚያው ፊደላት በሌላ ደንብ ይሄዳል፦ ተነባቢ ሲደገምበት ድምፁ አይጠብቅም፤ ብዙ ጊዜ የሚነግረን ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ነው። እንግዲህ ይህ ልጅ ጮክ ብሎ ሲያነብ የሚሳሳተው ስላልተማረ አይደለም፤ የተማረውን ደንብ አጥብቆ ስለያዘ ነው። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ያደገችው በግዕዝ ፊደል ነው። በዚያ አጻጻፍ መጥበቅና መላላት በፊደል አይለይም፤ አንባቢው ከዐውዱ ይረዳዋል። እሷም ያንኑ ቃል ትሳሳታለች፤ ምክንያቷ ግን ሌላ ነው። ለሁለቱም «ደጋግማችሁ አንብቡ» ብሎ ማለፍ ሁለቱንም አለመርዳት ነው። ይህ ራሱን የቻለ የማስተርስ ጥናት ይወጣዋል፤ ለማጥናትም ከእናንተ የተሻለ የሚቀርበው ሰው የለም።

አሁን ስለ ትምህርቱ ልንገራችሁ። ማስተርስ እንግሊዝኛ አያስተምርም። ቴፍል ስትገቡ የማስተማር ዘዴ፣ የሁለተኛ ቋንቋ አለማመድ፣ የፈተና ዝግጅትና ምዘና፣ የመማሪያ መጽሐፍ ዝግጅት፣ የዲስኮርስ ትንተና (ከአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፈ የንግግርና የጽሑፍ ትንተና)፣ የምርምር ዘዴ ትማራላችሁ። ሁሉም ቋንቋውን ትችላላችሁ ብሎ ነው የሚጀምረው። በሳምንት የሚሰጠው ንባብ ብዙ ነው፤ አንድ ገጽ ለማንበብ መዝገበ ቃላት ደጋግሞ የሚገልጥ መምህር ንድፈ ሐሳቡን ለማሰላሰል ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ባለው ዓመት አንብቡ። ሞጁል ወይም በፎቶ ኮፒ የተቆራረጠ ማስታወሻ አይደለም የምላችሁ፤ ከሽፋን እስከ ሽፋን፣ ሙሉ መጽሐፍ። በዲግሪ ተመርቆ አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ያልጨረሰ የእንግሊዝኛ መምህር በአገራችን ብርቅ አይደለም፤ ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል። መምህሩ ካላነበበ ተማሪው ማንን አይቶ ያነባል?

ከየት እንጀምር ካላችሁ፣ ከራሳችን ሰዎች ጀምሩ። በእንግሊዝኛ የጻፉ ኢትዮጵያውያን አሉ። የአደፍርሱ ደራሲ ዳኛቸው ወርቁ እ.ኤ.አ. በ1973 ለንደን ላይ የታተመ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አለው። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም እ.ኤ.አ. በ1965 በእንግሊዝኛ ያሳተመው ተውኔት አለ። እነዚህን ስታነቡ አገሩን፣ ሰውን፣ ወጉን ስለምታውቁት ሐሳባችሁ ሁሉ ቋንቋው ላይ ያርፋል። ሊትሬቸር ለመማር የምታስቡ ደግሞ ልብ በሉ፤ ስለ እንግሊዝ ደራስያን ብዙ ተጽፏል፤ ስለነዚህ የራሳችን ሥራዎች ግን ገና ብዙ የሚጻፍ ይቀራል።

ቴፍልንና ሊትሬቸርን እንደ ሁለት መንደር አትዩአቸው። ሊትሬቸር የተማረ ሰው ለክፍሉ አጭር ታሪክ መርጦ ተማሪን ማነጋገር ያውቃል፤ ቴፍል የተማረ ሰው ያን ንግግር እንዴት ወደ ጽሑፍ እንደሚያሸጋግር ያውቃል። አንዱን መርጣችሁ ስትገቡ የሌላውን መጻሕፍት ከእጃችሁ አታውጡ። እኔ ራሴ ግን ምረጥ ብባል፣ ለሁለተኛ ደረጃ መምህር ቴፍልን አስቀድማለሁ።

ቦታውን በተመለከተ ብዙ አልልም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኮሌጅነት ከተከፈተበት ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ እንግሊዝኛ የሚሰጥበት ቤት ነው፤ የድህረ ምረቃ ትምህርት የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ኮተቤም የቆየ የመምህራን ቤት ነው። ከቃሊቲ ተነስቶ በታክሲ ስድስት ኪሎ መድረስ ከሥራ በኋላ አድካሚ ስለሆነ፣ ልጅ የያዛችሁ የክረምቱን መርሐ ግብር ብታስቡበት ይሻላል። የመግቢያ ፈተናው፣ ጋት የሚባለው፣ የቁጥር ጥያቄዎችም አሉበት። የሂሳብ መምህር ባልደረባችሁን ቀደም ብላችሁ አስጠኑን በሉ።

ወደ መመረቂያ ጽሑፉ ልምጣ። በዩኒቨርሲቲው የዲጂታል ማከማቻ ውስጥ የቀደሙት ጽሑፎች በኢንተርኔት ይገኛሉ፤ ርዕስ ከመምረጣችሁ በፊት ተቀምጣችሁ አንብቧቸው። አብዛኞቹ አንድ መልክ እንዳላቸው ታያላችሁ፦ «የእገሌ ክህሎት አተገባበርና ተግዳሮቶች በእገሌ ትምህርት ቤት»። ለመምህራን መጠይቅ ይበተናል፤ «ሁልጊዜ፣ አንዳንድ ጊዜ፣ በፍጹም» በሚሉት ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ተሰልቶ አማካይ ይወጣል። መጠይቅ የሚነግራችሁ መምህሩ አደርገዋለሁ የሚለውን ነው። የሚያደርገውን ለማወቅ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ ማየት፣ ፈቃድ ጠይቆ ድምፅ መቅዳት፣ የተማሪን ደብተር ሰብስቦ መመርመር ያስፈልጋል። አድካሚ ነው፤ ግን የሚያስተምረው እሱ ነው። ተማሪዎቹ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ስለሆኑ የወላጅና የርዕሰ መምህሩን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ።

ደግሞ አንድ ትልቅ ጉዳይ በእጃችሁ አለ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የእንግሊዝኛው ወረቀት የምርጫ ጥያቄ ነው። ተማሪው አንድ አንቀጽ እንዲጽፍ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲናገር አይጠየቅም። መምህሩም ከ50 በላይ ተማሪ ይዞ ድርሰት ማረሙን ይተዋል፤ ፈተናው ያልጠየቀውን ክፍሉ አያስተምርም። ልጁ ግን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በመጀመሪያው ወር ሪፖርት ጻፍ ይባላል። በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከዚህ ውስጥ የቋንቋው ድርሻ ስንት ነው? ተማሪው ፊዚክሱን አልገባውም ወይስ ጥያቄውን ማንበብ አልቻለም? ይህን በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ የፊዚክስ ወረቀት ላይ እንኳ በጥንቃቄ የሚያጠና መምህር ብናገኝ ምንኛ ደስ ባለኝ!

በገንዘብ ቴሲስ የሚጽፉ ሰዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ፤ አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጥቷል። እባካችሁ ራሳችሁ ጻፉ። ለአማካሪያችሁም ያላለቀ ጽሑፍ ለማሳየት አትፈሩ፤ በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ገጽ ይዞ የሚቀርብ ተማሪ ምክር ያገኛል፤ ወራት ጠፍቶ ሁሉን ባንድ ቀን የሚያመጣ ግን ተመልሶ ይጻፍ የሚል ቃል ብቻ ይዞ ይሄዳል። ዲፌንስ ላይ፣ ማለትም ጽሑፋችሁን በፈታኞች ፊት ስታቀርቡ፣ የውጭ ፈታኙ ሲጠይቃችሁ የሚያድናችሁም ክፍሉ ውስጥ በዓይናችሁ ያያችሁት ነው።

ስትመረቁ ርዕሰ መምህሩ «እንግዲህ ማስተርስ አለህ፣ አሥራ ሁለተኛን ያዝ» ማለቱ አይቀርም። ክብር ነው፤ አመስግኑት። ከተቻላችሁ ግን ቢያንስ ለአንድ ዓመት ዘጠነኛ ክፍልን ስጡኝ በሉት። ቋንቋው ድንገት የሚከብድባቸው ልጆች ያሉት እዚያ ነው፤ ገና ሦስት ዓመት የሚቀራቸውም እነሱ ናቸው። መስከረም ላይ ጮክ ብለው ሲያነቡ ስማቸውንና የተሳሳቱትን ቃል መዝግቡ፤ ሰኔ ላይ ያንኑ ገጽ እንደገና አስነብቧቸው። ውጤቱን በሲፒዲ (የመምህራን ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) ስብሰባ ላይ ለባልደረቦቻችሁ አሳዩ፤ ከጽሑፋችሁም አንድ ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስጡ።