ያለ ገንዘብና ያለ አዳራሽ ወርሃዊ የግጥምና የሙዚቃ ዝግጅት ለመጀመር

እህቴ፣ «ኮምቦልቻ ላይ ከጓደኞቼ ጋር በየወሩ የግጥምና የሙዚቃ ዝግጅት ልንጀምር አስበናል፤ አዳራሽም ገንዘብም የለንም፣ ከየት እንነሳ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ደሴ ላይ ባዶ እጃችንን ከጀመርነው አንዱ ስለሆንኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ቀን ቁረጡ። ስፖንሰር እስኪገኝ፣ ከአዲስ አበባ ታዋቂ ሰው እስኪመጣ ካላችሁ ዓመቱ ያልፋል። «ወር በገባ ሁለተኛው ቅዳሜ» ካላችሁ፣ ሃያ ሰው ብቻ ቢመጣም አትሰርዙ። አንዴ የተሰረዘ ዝግጅት በሚቀጥለው ወር ሰው አያምነውም። ቀን ስትመርጡ ጾሙን እዩ። በ2017ም በ2018ም ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት፤ እንደኛ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተደባልቆ በሚኖርበት ከተማ እንዲህ ሲገጥም ዘፈኑን ትታችሁ የመጻሕፍት ውይይት ብታደርጉ ይሻላል። ጥርና ሚያዝያ ደግሞ ሠርግ ነው፤ ማሲንቆ ተጫዋቹም ሞንታርቦ አከራዩም አይገኙም።

ቦታ አያስጨንቃችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ባዶ የሚውል ሆቴል አይጠፋም፤ ባለቤቱን «ታዳሚው ቡናና ለስላሳ ያዛል» በሉት። 8 ሰዓት ተኩል ጀምራችሁ 11 ሰዓት ላይ ጨርሱ። ከመሸ ባጃጅ ፍለጋ ነው፣ ሴቶቹም መምጣት ያቆማሉ።

ወንበር ከእድር ውሰዱ። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ሰብሳቢውን አስፈቅዳችሁ ከንብረት ያዡ ጋር ቆጥራችሁ ትረከባላችሁ፣ የተሰበረ ትተካላችሁ። ግን ውሉ አንድ ነው፦ ሰው ከሞተ ወንበሩ ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳል። እኛ ዝግጅታችን ሊጀመር ሲል ጋሪ መጥቶ ጭኖት ሄዷል። ታዳሚው ቆሞ ሰማ፣ ማንም አላጉረመረመም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ነው የሰፈሩ አዛውንት መምጣት የጀመሩት።

ፈቃድ ላይ ረጅም ደብዳቤ አትጻፉ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የዝግጅቱ ይዘት፣ የኃላፊው ስልክ፤ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ግልባጭ ለፖሊስ። ማኅተም ስለሌላችሁ ከወጣት ማዕከሉ ወይም ከአንድ ትምህርት ቤት ጋር በጋራ አዘጋጁት። የክብር እንግዳ ስትጋብዙ «የመክፈቻ ንግግር» የሚል ነገር መርሐ ግብሩ ላይ አታስገቡ፤ ግማሽ ሰዓታችሁን ይበላዋል።

ከምንም ቆጥቡ፣ ከድምፅ አትቆጥቡ። አከራዩ ዕቃውን ጥሎ እንዳይሄድ፣ ሚክሰሩ ላይ ራሱ ይቀመጥ። ሰው ከመግባቱ በፊት አንዳችሁ መድረክ ላይ ግጥም ያንብብ፣ ሌላው የመጨረሻው ወንበር ላይ ሆኖ ይስማ። የሠርግ ሞንታርቦ ለዘፈን ስለሚስተካከል ባሱ ይበዛል፤ ለንባብ ቀንሱት፣ አለበለዚያ ቃሉ አይለይም። ማሲንቆ ተጫዋቹን ደግሞ መጀመሪያ አታስጨርሱት። መብራት ሲጠፋ ያለ ማይክ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

የሰው ዘፈን መድረክ ላይ ለመጫወት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለዚህ ወሎዬ ምን አስጨነቀው? ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ቅኝቶች ላይ የራሳችሁን ግጥም አስገቡ።

መግቢያውን በነጻ አታድርጉት፤ ጥቂትም ቢሆን ይከፈል፣ ተማሪ በግማሽ። ቴሌብር በሩ ላይ ለጥፉ። የማሲንቆ ተጫዋቹን ሒሳብ ከመድረክ እንደወረደ በእጁ ስጡት፤ «ነገ እንልክልሃለን» የተባለ ሰው ለሚቀጥለው ወር ስልክ አያነሳም። የተረፈውንና የወጣውን በማግስቱ ቴሌግራም ግሩፓችሁ ላይ ጻፉት፣ ሐሜት የሚጀምረው ከብር ነው።

ለእድሩ የጻፍነው ደብዳቤ አለኝ፤ ከፈለግሽው በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።