ከኮምቦልቻ ኮሪያ፣ ለአንድ ሴሚስተር

ጥያቄ፦ እህቴ እንዴት ነሽ? ኮምቦልቻ የምማር የ3ኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ደቡብ ኮሪያ አንድ ሴሚስተር በልውውጥ እንድማር ተመርጫለሁ። ትምህርቱ ነጻ ነው ተብያለሁ፣ ሌላው ወጪስ? እናቴ ደግሞ «ሳታውቂ አሳማ ትበያለሽ፣ ብርዱም አይለቅሽም» እያለች እንቅልፍ አጥታለች። ምን ትመክሪኛለሽ?
ዘ. ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሪ! እንኳን ደስ ያለሽ። መጀመሪያ ግን ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ፣ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነዋ። እኔም በተማሪነቴ እዚያው አገር በልውውጥ ሄጄ ነበር። 4 ኮርስ ወስጄ፣ ጥሩ ውጤት ይዤ፣ ጉራዬን እየነዛሁ ተመለስኩ። ዲፓርትመንቴ ሁለቱን ብቻ ተቀበለ። የቀሩት «ይዘታቸው አይገጥምም» ተባሉ። እኛ ጋ ደግሞ ብዙ ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው፤ አንዱ ካመለጠሽ ከታች የሚመጣውን ባች ትጠብቂያለሽ፣ እሱን ተከትሎ የሚመጣ ኮርስ ካለም አብሮ ይቀርብሻል። ጓደኞቼ ጋዋን ለብሰው ሲመረቁ እኔ ፎቶ አንሺ ነበርኩ።

ስለዚህ ሳትሄጂ የምትወስጃቸውን ኮርሶች ከነኮርስ አውትላይናቸው ለዲፓርትመንት ሄደሽ አሳዪ። የትኛው በየትኛው እንደሚተካ፣ የኮሪያዎቹ 3 ክሬዲት በእኛ ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ) ስንት እንደሚያዝ ይጻፍ፣ ይፈረም፣ ማህተም ይረፍበት። አንድ ኮፒ ለሬጅስትራር፣ አንድ ላንቺ። እዚያ ስትደርሺ የመረጥሽው ኮርስ ሞልቶ ሊጠብቅሽ ይችላል፣ 2 ወይም 3 ተጠባባቂ ኮርስ አብረሽ አስፈርሚ። «ግዴለም፣ ስትመለሺ እናየዋለን» ካሉሽ ቢሮው በር ላይ ቁጭ በይ፣ እንዳትነሺ።

ወደ ገንዘቡ። በልውውጥ አብዛኛውን ጊዜ ነጻ የሚሆነው የትምህርት ክፍያው ብቻ ነው። ስኮላርሺፕ ካልተጨመረበት ቲኬቱ፣ ዶርሙ፣ ምግቡ፣ ቪዛው ካንቺ ኪስ ነው። በገባሽ በ90 ቀን ውስጥ የውጭ ዜጋ መታወቂያ ታመለክቻለሽ። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጤና መድኑም ለውጭ ተማሪ ግዴታ ሆኗል፣ በየወሩ ይከፈላል። «እየሠራሁ እከፍላለሁ» ብለሽ ደግሞ አትሂጂ፣ ያለ ኢሚግሬሽን ፈቃድ መሥራት ክልክል ነው።

ብርዱ እውነት ነው። ለኮምቦልቻ ልጅ ደሴ እንኳን ይበርዳታል፣ ሶል ክረምቷ ከዜሮ በታች ነው። ያንቺ ሴሚስተር በእኛ የካቲት መጨረሻ ላይ የሚጀምር ከሆነ ብርዱ እየወጣ ስለሆነ ትንሽ ቀለል ይልሻል። ቤቱ ግን ወለሉ ከሥር ይሞቃል። ጫማሽን አውልቀሽ ስትገቢ እግርሽ ምጣድ ዳር የቆመ ነው የሚመስልሽ።

ለእናትሽ ደግሞ እንዲህ በያት። አሳማ «ድዌጂ» ይባላል፣ በኮሪያ ፊደል ስልክሽ ላይ ያዢውና ሜኑ ስታነቢ አስተያዪው፣ ሾርባ ሲሆን ጠይቂ። ሶል ኢቴዎን ሰፈር ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልቅ መስጂድ አለ፣ ዙሪያው ሐላል ምግብ ቤት ነው። ቋንጣ ግን እንዳታሲዝሽ፣ ሥጋ ነክ ነገር ማስገባት ስለማይቻል ኤርፖርት ላይ ይቀማል።

በሶም ሻንጣ አታስጨንቂበት። ሱፐርማርኬት «ሚሱትጋሩ» የሚሉት የተቆላ የእህል ዱቄት አለ፣ ገብስም ይገባበታል። የመጀመሪያ ቀን በውኃ በጥብጬ፣ ስኳር ጨምሬ ስጠጣ የዶርም ጓደኛዬ አየችኝና «ይሄማ የአያቴ መጠጥ ነው፣ አንቺ ከየት አወቅሽው?» ብላ ሳቀችብኝ።